አልበርት ሉቱሊ፤ ከመምህርነት እስከ ሹመት፥ ከሹመት እስከ ግዞት

አልበርት ጆን ሉቱሊ በዓለም ዘንድ ስማቸው የገነነው የኖቤልን የሰላም ሽልማት ከተቀበሉ በኋላ ነው። ከአፍሪቃ ተወላጆች መካከል ይህን ሽልማት በመቀበል የመጀመሪያው እርሳቸው ስለሆኑ፥ ታሪካቸውን የሚጽፉ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚነሡት ከፖለቲካው ትግል ነው፤ ከዚያ በፊት የነበረውን ዘመን ግን እንደ መግቢያ ቆጥረው በሁለትና በሦስት መስመር ያልፉታል። ይህ አጻጻፍ ሰውየውን አጉድሎ ያሳያል። ሉቱሊ ወደ ፖለቲካ ማኅበር የገቡት ዕድሜያቸው ከአርባ አምስት ዓመት ካለፈ በኋላ ሲሆን፥ የጎልማሳነታቸውን የመጀመሪያ ዘመን የፈጸሙት በመማሪያ ክፍል ውስጥ ጠመኔ ይዘው ነው። በኋላ ያደረጉትን ለመረዳት የሚሻ ሰው አስቀድሞ ያንን ክፍል ማየት ይገባዋል። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።)

የተወለዱበት ቀን በመዝገብ አልተጻፈም፤ እርሳቸው ራሳቸው በግምት 1898 ነው ይሉ ነበር። የተወለዱት ዛሬ ዚምባብዌ በምትባለው አገር፥ ከቡላዋዮ ከተማ አጠገብ በሚገኘው በሶሉሲ ሚሲዮን ነው። አባታቸው ጆን በንያን ሉቱሊ ከናታል ወደዚያ ሄደው በሚሲዮኑ ውስጥ በአስተርጓሚነት ያገለግሉ ነበር፤ ነገር ግን ልጃቸው ገና ሕፃን ሳለ ሞቱ። እናታቸው ምቶንያ ጉሜዴ በልጅነታቸው ጥቂት ዘመን በዙሉ ንጉሥ በሴትሽዋዮ ቤት ያደጉ ሴት ነበሩ። ለሕፃኑ የወጣለት የዙሉ ስም ምቩምቢ ሲሆን፥ ትርጓሜው ሳያቋርጥ የሚዘንም ዝናብ ማለት ነው።

በ1908 ገደማ እናትና ልጅ ከታላቅ ወንድሙ ጋር ወደ ናታል ተመለሱ። በመጀመሪያ በተቀመጡበት በፍራይሃይድ አካባቢ ልጁ የሚሲዮኑን በቅሎዎች ይጠብቅ ነበር፤ የሚማርበት ትምህርት ቤት ግን በዚያ አልነበረም። ስለዚህ እናቱ ወደ አባቱ አገር ወደ ግሩትቪል፥ የአጎቱ የማርቲን ሉቱሊ ቤት ወዳለበት ላኩት። ግሩትቪል በኡምቮቲ ወንዝ አጠገብ በአሜሪካውያን ሚሲዮናውያን የተመሠረተ የክርስቲያኖች መንደር ነው። የዚያ አገር ሰዎች ሹማቸውን የሚያገኙት በዘር ውርስ ሳይሆን ራሳቸው እየመረጡ ነበር፤ አጎትየውም በዚያን ጊዜ ሹም ነበሩና ሕፃኑ ሉቱሊ ሽማግሌዎች ተሰብስበው ነገር ሲሰሙና ሲፈርዱ እያየ አደገ። እናቱም ቆይተው ወደ ግሩትቪል መጡና ልብስ እያጠቡ፥ አትክልት እየተከሉ ለትምህርቱ ገንዘብ ይከፍሉ ጀመር። ይህ የእናት ድካም በልጁ አእምሮ የተተከለ ዕዳ ሆኖ እንደ ቆየ በኋላ ይታያል።

በ1914 ጆን ዱቤ በመሠረቱት በኦህላንጌ ትምህርት ቤት ጥቂት ጊዜ ተማሩ። ይህ ትምህርት ቤት ጥቁር ሰው ራሱ አቁሞ ራሱ የሚያስተዳድረው ስለ ነበረ በዚያ ዘመን እንግዳ ነገር ነበር። ከዚያ በኋላ በፒተርማሪትስበርግ አጠገብ ወዳለው ወደ ኤደንዴል የመምህራን ማሠልጠኛ ገቡ፤ ነጮች አስተማሪዎችን ለመጀመሪያ ጊዜ ያገኙት በዚህ ነው። ተማሪዎቹ በዕረፍት ሰዓታቸው ድንጋይ እንዲያመላልሱ ቢታዘዙ ሥራውን አናደርግም ብለው አደሙ፤ ሉቱሊም ከአዳሚዎቹ ጋር ሆነው ተቀጡ። ይሁን እንጂ ስለ ትምህርት ቤቱ ቂም አልያዙም። በሚሲዮን ያደገ ጥቁር ሁሉ የእንግሊዝ ግልባጭ ሆኖ ይወጣል የሚለውን ነቀፌታ ዘመናቸውን ሙሉ ሲቃወሙት ኖረዋል፤ በእርሳቸው አስተያየት በዚያ የተገናኙት ሁለት ሥልጣኔዎች ሲሆኑ፥ ተማሪው ከአዲሱ ሲወስድ የራሱን መጣል የለበትም።

ከኤደንዴል እንደ ወጡ በሰሜን ናታል ብላውቦሽ በሚባል ስፍራ አንድ ትንሽ ትምህርት ቤት ተሰጣቸው። ዲሬክተሩም አስተማሪውም እርሳቸው ብቻ ነበሩ። ከዚያም ለከፍተኛ የመምህርነት ዲፕሎማ የሚያበቃ የገንዘብ ርዳታ አግኝተው በ1920 ከደርባን በስተደቡብ ወዳለው ወደ አዳምስ ኮሌጅ ሄዱ። ትምህርታቸውን ሲጨርሱ ሁለት መንገድ ተከፈተላቸው፤ አንደኛው በፎርት ሄር የዩኒቨርሲቲ ትምህርታቸውን በነጻ መቀጠል፥ ሁለተኛው በአዳምስ በመምህርነት መቅረት ነበር። ሉቱሊ የእናታቸው እጅ በልብስ ማጠብ እንዳለቀ ያውቁ ነበርና የዩኒቨርሲቲውን ዕድል ትተው ደመወዝ ያለበትን መረጡ። በኋላ ብዙ ሊቃውንት ያከበሯቸው ሰው የዩኒቨርሲቲ ዲግሪ ሳይኖራቸው የቀሩት በዚህ ምክንያት ነው።

በአዳምስ ዐሥራ አምስት ዓመት ተቀመጡ። ሥራቸው አስተማሪዎችን ማስተማር ነበር፤ የዙሉን ቋንቋ፥ ታሪክና ሥነ ጽሑፍ እንዲሁም ዜማ ያስተምሩ፥ የኮሌጁንም መዘምራን ይመሩ ነበር። የዚህን ሥራ ክብደት ለማወቅ የጊዜውን ሁኔታ ማሰብ ያሻል። በደቡብ አፍሪቃ መንግሥት ዘንድ የጥቁር ልጅ ትምህርት ትርፍ ነገር ነበር፤ ትምህርት ቤቶቹን የሚያቆሙትና የሚጠብቁት ሚሲዮኖች ሲሆኑ፥ መንግሥት የሚጨምረው ገንዘብ ጥቂት ነበር። ከአዳምስ የሚወጣ መምህር የሚጠብቀው ጣራው የሚያፈስ አንድ ክፍልና በዚያ የታጨቀ የልጅ ብዛት ነው። እንዲህ ላለው መምህር የገዛ ቋንቋውን በማዕርግ ማስተማር፥ የአባቶቹንም ታሪክ ከእንግሊዝ ነገሥታት ታሪክ ጎን ማቆም ቀላል ስጦታ አይደለም።

በዚያው ኮሌጅ ዘካርያስ ማቲውስ አብረዋቸው ነበሩ። ማቲውስ በደቡብ አፍሪቃ በሚገኝ ኮሌጅ ተምረው የባችለር ዲግሪ በማግኘት ከጥቁሮች የመጀመሪያው ሲሆኑ፥ በ1925 የአዳምስ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ዲሬክተር ሆኑ። ሁለቱ ወዳጆች በናታል የአፍሪቃውያን መምህራን ማኅበር ውስጥ ጠንክረው ሠሩ፤ ሉቱሊም በ1928 ጸሐፊ፥ በ1933 ሊቀመንበር ሆነው ተመረጡ። የማኅበሩ ዋና ጉዳይ ደመወዝ ነበር፤ አንድ ዓይነት ሥራ የሚሠሩ ጥቁርና ነጭ መምህራን የሚያገኙት ክፍያ ፈጽሞ አይመጣጠንም ነበርና። ሉቱሊ ግን የመምህራን ማኅበር ስለ ደመወዝ ብቻ የሚከራከር ከሆነ ግማሽ ማኅበር ነው ባዮች ነበሩ። ስለዚህ የዙሉ ቋንቋና ባህል ማኅበር በመምህራኑ ማኅበር ሥር እንዲቋቋም አደረጉ፤ የእግር ኳስ ጨዋታም አጥብቀው ይወዱ ስለ ነበር የጥቁሮችን የኳስ ቡድኖች በማደራጀት ሠርተዋል። በ1927 ያገቧቸው ባለቤታቸው ኖኩካንያ ቤንጉም አስተማሪ ነበሩ። ሰባት ልጆች ወለዱ።

በዚህ ጊዜ ነው የግሩትቪል ሽማግሌዎች መጥተው ሹማችን ሁንልን ያሏቸው። በእኛ አገር ሹመት ያዳብር ተብሎ እንደሚመረቀው ያለ ሹመት ግን አልነበረም። የናታል ሹም ከመንግሥት የሚቀበለው ደመወዝ አንድ የኮሌጅ አስተማሪ ከሚያገኘው እጅግ ያነሰ ሲሆን፥ ወገኖቹን ለመዳኘትና ለማስተዳደር የሚደክመው ድካም ግን ማለቂያ የለውም። ከዚህም በላይ ሹሙን ሕዝቡ ቢመርጠውም የሚያጸድቀውና የሚሽረው መንግሥት ነው፤ ስለዚህ በሁለት ጌቶች መካከል የሚቆም ሰው ነው። ሉቱሊ ሁለት ዓመት ያህል መልስ ሳይሰጡ ቆዩ። አዳምስን ይወዱታል፤ ልጆች ማሳደግ አለባቸው፤ ተማሪዎቻቸው ደግሞ በየአውራጃው ተበትነው ፍሬያቸው መታየት ጀምሯል። በመጨረሻ በ1935 እሺ አሉ፤ በ1936 መጀመሪያ ቤተ ሰባቸውን ይዘው ወደ ግሩትቪል ሄዱ። የገቢያቸውን ጉድለት የሞሉት ባለቤታቸው ናቸው፤ ኖኩካንያ ማረሻቸውን አንሥተው የቤቱን ቀለብ ከመሬት ማውጣት ጀመሩ። ስለ ባልየው ብዙ ተጽፎ ስለ ሚስትየው ጥቂት መጻፉ ተገቢ አይደለም።

ዐሥራ ሰባት ዓመት የቆየው የሹመት ዘመን ለመምህሩ ሌላ ትምህርት ቤት ሆነ። በኮሌጁ ሳሉ የሕዝባቸውን ድህነት በወሬ ያውቁት ነበር፤ አሁን ግን በየማለዳው በደጃቸው ተሰልፎ አገኙት። የ1913 የመሬት ሕግ ከአገሩ መሬት ከመቶ ሰባት ያህሉን ብቻ ለጥቁሮች የተወ ሲሆን፥ በ1936 የወጣው ሕግም ከመቶ ዐሥራ ሦስት ያህል ከማድረስ አላለፈም። በግሩትቪል የሚበቅለው ሸንኮራ አገዳ ነበር። በዚያው በ1936 መንግሥት የስኳርን ምርት በኮታ ሲወስን ትንንሾቹ ጥቁር ገበሬዎች ተጎዱ። ሉቱሊ ሞቶ የነበረውን የገበሬዎች ማኅበር አስነሡና ኮታው ለእያንዳንዱ ሰው መሆኑ ቀርቶ ለማኅበሩ በጠቅላላ እንዲሰጥ ጠየቁ፤ ይህ ከሆነ አንዱ ሊሞላው ያልቻለውን ሌላው ይሞላዋል ማለት ነው። ጥያቄው ተፈቀደ። ነገሩ በውጭ ሲያዩት ትንሽ ነው፤ ነገር ግን ከዚህ በላይ የሆነውን ማለትም መሬትን፥ ድምፅ የመስጠትን መብትና የነጻ እንቅስቃሴን ሲጠይቁ ያገኙት መልስ ዝምታ ነበር።

በ1938 ለሚሲዮናውያን ጉባኤ ወደ ሕንድ፥ በ1948 ደግሞ ንግግር ለማድረግ ወደ አሜሪካ ሄደው ዓለምን አዩ። በ1946 ለመንግሥት ምክር እንዲሰጥ ለተቋቋመው የጥቁሮች ተወካዮች ሸንጎ ተመረጡ። ወደ ሸንጎው የገቡበት ጊዜ በወርቅ ማዕድን ሠራተኞች አድማ ላይ ኀይል የተፈጸመበት ጊዜ ነበርና፥ አባላቱ ምክራችንን የማይሰማ መንግሥት ለምን ሰበሰበን ብለው ስብሰባውን አቋረጡ። ከዚህ ጥቂት ቀደም ብሎ ሉቱሊ የአፍሪቃ ብሔራዊ ኮንግሬስ አባል ሆነው ነበር። በ1951 የናታል ቅርንጫፍ ሊቀመንበር ሆኑ።

በ1952 ኮንግሬሱ ከሕንዳውያን ማኅበር ጋር ተባብሮ የዘር ልዩነት ሕጎችን በሰላም የመጣስ ዘመቻ አስነሣ። ሰዎች ለነጮች ብቻ በተባለ በር እየገቡ፥ የይለፍ ወረቀት ሳይዙ በሌሊት እየወጡ ራሳቸውን ለእስር አቀረቡ፤ ከ8,000 በላይ ታሠሩ። መንግሥት አንድ ደመወዝተኛ ሹም የዚህ ዘመቻ መሪ መሆኑን ሊታገሥ አልቻለም። ሉቱሊ ወደ ፕሪቶሪያ ተጠርተው ከሹመቱና ከኮንግሬሱ አንዱን እንዲመርጡ በጥቁሮች ጉዳይ መሥሪያ ቤት ዋና ጸሐፊ በዶክተር አይዘለን ተጠየቁ። ስለ ጠያቂው ሰው አንድ ነገር መጥቀስ ያስፈልጋል። አይዘለን የጥቁሮችን ትምህርት የመረመረው የመንግሥት ኮሚሲዮን ሰብሳቢ የነበሩ ናቸው፤ ኋላ የባንቱ ትምህርት ሕግ የተባለው የታነጸው በዚያ ኮሚሲዮን ሐሳብ ላይ ነው። እንግዲህ በዚያ ክፍል ውስጥ ፊት ለፊት የተቀመጡት በአንድ ወገን ጥቁር ሕፃን ማንኛውንም ዕውቀት ሊማር ይገባዋል ብለው ዐሥራ አምስት ዓመት ያስተማሩ መምህር፥ በሌላ ወገን ደግሞ ለጥቁር ሕፃን የተለየ ትምህርት ያሰናዱ ሹም ነበሩ። ሉቱሊ አንዱን ለመተው እንቢ አሉ፤ ለሕዝብ መሪ መሆንና ለሕዝብ መብት መቆም በእርሳቸው ዘንድ አንድ ነገር ነበርና። በኅዳር ወር ከሹመታቸው ተሻሩ። በሚቀጥለው ወር ኮንግሬሱ ጠቅላይ ሊቀመንበሩ አድርጎ መረጣቸው።

የባንቱ ትምህርት ሕግ በ1953 ወጣ። ሕጉ የጥቁሮችን ትምህርት ከሚሲዮኖች እጅ አውጥቶ በፌርቩርት ለሚመራው ለጥቁሮች ጉዳይ ሚኒስቴር ሰጠ፤ የሕጉም አሳብ ጥቁር ተማሪ በነጮች ዓለም ውስጥ ከጉልበት ሥራ ያለፈ ስፍራ እንዳይመኝ ማድረግ ነበር። ሚሲዮኖቹ ወይ ትምህርት ቤታቸውን ለመንግሥት ማስረከብ ወይም የመንግሥትን ርዳታ ማጣት ነበረባቸው። መምህራኑ ከዚህ የባሰ ችግር ላይ ወደቁ፤ ቢናገሩ ከሥራ ይባረራሉ፥ ዝም ቢሉ የማያምኑበትን ያስተምራሉ። ሕጉ ገና ሳይወጣ የአይዘለንን ኮሚሲዮን ሐሳብ የተቃወሙት የትራንስቫል አፍሪቃውያን መምህራን ማኅበር መሪዎች እዝቅኤል ምፋሌሌ፥ አይዛክ ማትላሬና ዜፋንያ ሞቶፔንግ በ1952 ከመምህርነት ተባርረዋል። አዳምስ ኮሌጅ ያለ መንግሥት ርዳታ በግል ትምህርት ቤትነት ለመቆም ቢለምንም አልተፈቀደለትም፤ በ1956 መጨረሻ ላይ የቀድሞ አስተዳደሩ አበቃና ስሙ እንኳ ተለወጠ። በዚያው በታኅሣሥ 1956 ሉቱሊ በአገር ክህደት ተከሰው ከሌሎች 155 ሰዎች ጋር ወደ ወህኒ ወረዱ። አስተማሪውና ትምህርት ቤቱ በአንድ ወር ውስጥ ተመቱ።

ክሱ በርሳቸው ላይ ከአንድ ዓመት በኋላ ተነሣ፤ የተቀሩትም ተከሳሾች እስከ 1961 ድረስ ነጻ ተለቀቁ። ነገር ግን ሉቱሊ ከ1952 ምርጫ በኋላ አብዛኛውን ዘመናቸውን የፈጸሙት በግዞት ትእዛዝ ሥር ነበር። ግዞቱ በሩቅ አገር ሳይሆን በገዛ ቤታቸው ነው፤ ከአውራጃቸው እንዳይወጡ፥ በስብሰባ እንዳይገኙ ተከለከሉ። በመጋቢት 1960 በሻርፕቪል ፖሊሶች 69 ሰዎችን ሲገድሉ ሉቱሊ በፍርድ ቤት ለመመስከር በፕሪቶሪያ ነበሩ፤ በዚያ የይለፍ ወረቀታቸውን በሰው ፊት አቃጠሉ። ወዲያው ታሠሩ፥ በእስር ቤትም ተመቱ። ኮንግሬሱ በሚቀጥለው ወር በሕግ ታገደ።

የ1960 የኖቤል የሰላም ሽልማት ለርሳቸው መሰጠቱ የተነገረው በ1961 ነው። መንግሥት ከብዙ ማንገራገር በኋላ ለጥቂት ቀናት ብቻ እንዲወጡ ፈቀደ። ታኅሣሥ 10 ቀን በኦስሎ የዙሉ ባላባት ማዕርግ የሆነውን ልብስና የራስ ጌጥ አድርገው ሽልማቱን ተቀበሉ። አገራቸው በገቡ ማግስት ታኅሣሥ 16 ቀን ከኮንግሬሱ ሰዎች አንዳንዶቹ ያቋቋሙት የጦር ክንፍ በመንግሥት ሕንጻዎች ላይ ፈንጂ አፈነዳ። ሉቱሊ ይህን ውሳኔ እስከ ምን ድረስ ተቀብለውት ነበር በማለት የታሪክ ጸሐፊዎች እስከ ዛሬ ይከራከራሉ። እርሳቸው ራሳቸው የሰላሙን መንገድ አልተዉም፤ ትዕግሥታቸው አልቆ መሣሪያ ያነሡትንም ወጣቶች በአደባባይ ለመንቀፍ አልፈቀዱም። በዚህ ምክንያት ከሁለቱም ወገን ተነቅፈዋል።

በ1962 በወጣው ሕግ መሠረት የሉቱሊን ቃል በደቡብ አፍሪቃ ማተም ወንጀል ሆነ። በዚያው ዓመት የታተመው የሕይወት ታሪካቸው በውጭ አገር ሲነበብ በአገራቸው ግን አልተፈቀደም። የግላስጎው ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የክብር ሬክተራቸው አድርገው ቢመርጧቸውም ሄደው ሊቀበሉ አልቻሉም። ዓይናቸውና ጆሯቸው እየደከመ ሄደ።

ሐምሌ 21 ቀን 1967 በኡምቮቲ ወንዝ ላይ በተሠራው የባቡር ድልድይ አጠገብ ክፉኛ ቆስለው ተገኙና በሆስፒታል ሞቱ። በዚያው ዓመት የተደረገው ምርመራ የጭነት ባቡር በድንገት ገጭቷቸው ነው ብሎ ዘጋው፤ ቤተ ሰቡ ግን አንድ ቀን እንኳ ይህን አላመነም። ከሃምሳ ስምንት ዓመት በኋላ ነገሩ እንደገና ተከፍቶ፥ በጥቅምት 2025 የፒተርማሪትስበርግ ከፍተኛ ፍርድ ቤት የቀድሞውን ፍርድ ሽሮ አሟሟታቸው በድብደባ እንደ ሆነ፥ ለዚህም የጸጥታ ፖሊሶች ተጠያቂ እንደ ሆኑ ወሰነ።

ባለቤታቸው ኖኩካንያ ይህን ፍርድ ለመስማት አልደረሱም። ይሁን እንጂ ሁሉም ዜጋ ያለ ዘር ልዩነት ድምፅ የሰጠበትን የ1994ን ምርጫ ለማየት በቅተው በ1996 ዐረፉ። ባልና ሚስቱ በግሩትቪል የኖሩበት ቤት ከ2004 ጀምሮ ሙዚየም ሆኗል።